እህልና ቦምብ የጫነው አብራሪ፤ የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ሕይወት



ባለፈው ዓመት በሕፃናት ሕክምና ትምህርት ላይ ስለ ምግብ እጥረት በሽታዎች ስንማር መምህራችን አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አሳዩን። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሆዱ የተነፋ፣ እግሮቹ ያበጡ፣ ፀጉሩ የሳሳና ወደ ቀይነት የተለወጠ ትንሽ ልጅ ነው። ከሥሩ ቢያፍራ፣ 1968 የሚል ጽሑፍ አለበት። አብረውኝ የሚማሩት የልዩ ልዩ አገር ልጆች የበሽታውን ምልክቶች በየደብተራቸው መዘገቡ፤ እኔም መዘገብኩ። ከክፍል ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። ይህ ልጅ የነበረው በጦር በተከበበ አገር ውስጥ ነው። ሊያድነው የሚችለው ወተትና ዓሣ ደግሞ ከባሕር ማዶ በመጋዘን ተከምሮ ይጠብቅ ነበር። ታዲያ ምግቡ ወደ ልጁ የሚደርሰው በየት በኩል ነው? ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው?

ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ቤተ መጻሕፍት ስገባ በየመጽሐፉ ደጋግሜ ያገኘሁት የአንድ ስዊድናዊ አብራሪ ስም ነው። ይህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደለም። በፋሺስት ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ፣ ከነፃነት በኋላ አየር ኃይላችንን እንደገና ያደራጀ፣ በድርቅ ዘመን እህል ከሰማይ የጣለልን፣ በመጨረሻም በኦጋዴን ምድር ሕይወቱ ያለፈና አዲስ አበባ የተቀበረ ሰው ነው። አባቶቻችን ስሙን በደንብ ያውቁታል። የእኛ ትውልድ ግን ብዙም አያውቀውም። ስለዚህ በዚህ መጽሔታችን ታሪኩን ባጭሩ ለማቅረብ ወደድኩ። ዓላማዬ ጀግና ለማንገሥ አይደለም። የዚህ ሰው ሕይወት የሚያስመሰግን ብቻ ሳይሆን የሚያከራክርም ነው፤ ትምህርቱ ያለውም ከሚያከራክረው ላይ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የመኳንንት ልጅ

ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተወለደው በስዊድን አገር ኦገስት 19 ቀን 1909 ነው። ቤተሰቡ ከባለርስት መኳንንት ወገን ነበር። አባቱ ካውንት ኤሪክ ፎን ሮዘን አፍሪካን የጎበኘ አሳሽና የሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ሰው ሲሆን፣ በ1918 ለአዲሱ የፊንላንድ ጦር የመጀመሪያውን አውሮፕላን በስጦታ የሰጠው እሱ ነው። የእናቱ እኅት ካሪን ደግሞ በ1923 ሄርማን ጎሪንግ የተባለውን ጀርመናዊ አብራሪ አገባች። ይህ ሰው ኋላ የሂትለር ቀኝ እጅና የናዚ አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ጎሪንግ ነው።

ወጣቱ ካርል ጉስታፍ በቤተ መንግሥት መሰል ቤት ቢያድግም ልቡ ያዘነበለው ወደ ሞተር ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ አውሮፕላን ማብረር ተማረና በየከተማው በአየር ላይ ትርዒት እያሳየ መኖር ጀመረ። በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደገ፣ እንዲህ ዓይነት ዘመድ ያለው ወጣት ከፋሺስቶች ጎን ቢሰለፍ ማንም አይደነቅም ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሳለ ግን በሙሶሊኒ ጦር ወደተወረረው ሕዝብ ለመሄድ ተነሣ።

በቀይ መስቀል ሥር

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ጣሊያን ወረራውን ከመጀመሯ ከሦስት ወር በፊት፣ በጁላይ 1935 ነበር። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የነበሯት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ለጦር ግንባር የሚሆን የሕክምና ድርጅትም አልነበራትም። ስለዚህ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከሆላንድ፣ እንዲሁም እኛ ካለንበት ከዚህ ከመካከለኛው ምሥራቅ፣ ከግብፅ፣ የሕክምና ቡድኖች መጡ። የስዊድኑ ቡድን የሚመራው በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር ነበር። ፎን ሮዘን በአብራሪነት የተቀጠረው ለዚሁ ለስዊድን ቀይ መስቀል ነው።

ሥራው ቁስለኛ ማንሣትና መድኃኒት ማድረስ ነበር። መንገድ በሌለበት አገር በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ጉዞ አውሮፕላኑ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ነገር ግን በክንፉ ላይ የተቀባው ቀይ መስቀል ከለላ አልሆነውም። ዲሴምበር 30 ቀን 1935 በደቡብ ግንባር በዶሎ አቅራቢያ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊና በድንኳኖቹ ውስጥ የተኙ ብዙ ቁስለኞች ሞቱ፤ ሂላንደርም ቆሰለ። በማርች 1936 ደግሞ ፎን ሮዘን የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖን ይዞ ቆረም ባረፈ ጊዜ፣ መስቀሉ በግልጽ የሚታየው አውሮፕላናቸው በቆመበት ተመትቶ ተቃጠለ።

በዚሁ ጦርነት የመርዝ ጋዝ ፎን ሮዘንንም አቃጥሎታል። በትምህርት ቤት እንደምንማረው ይህ መርዝ ቆዳን ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ይታወራል፣ ሳንባ ይቆስላል። በባዶ እግሩ በረጠበው ሣር ላይ የሚሄደው ገበሬና ወታደር በምን እንደተመታ እንኳ ሳያውቅ ነበር የሚወድቀው። ጣሊያን መርዝን በጦርነት ላለመጠቀም የሚያስገድደውን የ1925 የጄኔቭ ውል በ1928 አጽድቃ ነበር። ውሉ ግን ወረቀት ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። የጣሊያን መንግሥት ስለ ሆስፒታሎቹ መደብደብ ሲጠየቅ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ኢትዮጵያውያን ቀይ መስቀልን ለጦር መሣሪያ መሸፈኛ ያደርጉታል የሚል ክስ ነበር። ይህ ክስ የሕፃን፣ የቁስለኛና የሐኪም ጠላት የሆነ ክስ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከተጠረጠረ ከሥሩ የተጠለለው ሁሉ ይጋለጣልና። ይህን በዓይኑ ያየው ፎን ሮዘን ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ ክስ በር የሚከፍት ሥራ ይሠራል። እዚያ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ከጦር ወደ ጦር

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘች በኋላ ፎን ሮዘን በሆላንድ አየር መንገድ ተቀጥሮ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። በ1939 ክረምት ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወር ግን ሥራውን ትቶ ወደ ፊንላንድ ሄደ። በዚያም ዲ.ሲ. 2 የተባለውን የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት አስለውጦ በጦርነቱ ተካፈለ። ስለዚህ ይህ ሰው ከመጀመሪያውም ሁለት ጠባይ ነበረው ማለት ነው። በአንድ ጦርነት የቀይ መስቀል ሰው፣ በሌላው ተዋጊ። ሁለቱንም የሚያደርገው ደግሞ የተጠቃውን ወገን ልርዳ በሚል ስሜት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ተሰልፎ ለመዋጋት ቢጠይቅም የጎሪንግ የሚስቱ እኅት ልጅ ነው ተብሎ አልተቀበሉትም። ሆላንዳዊት ባለቤቱ ግን በአገሯ በናዚዎች ላይ በተካሄደው የምሥጢር ትግል ተካፋይ ነበረች።

ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የኢትዮጵያ መንግሥት አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም የስዊድንን እርዳታ ጠይቆ ነበርና ፎን ሮዘን የዚህ ሥራ መሪ ሆነ። ደብረ ዘይት ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የሳብ ፋብሪካ መለማመጃና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ተገዙ። በሜይ 1947 ሳፊር የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ በመካከል ሳያርፍ ከሠላሳ ሰዓት በላይ በርሮ አዲስ አበባ በማረፍ ስሙን አስጠራ። እስከ 1956 ድረስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ደብረ ዘይት የሠለጠኑት ወጣቶች ኋላ የአየር ኃይሉ ዋልታ ሆነዋል። ከ1960 በኋላም በኮንጎ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በረረ።

የቢያፍራ ከበባ

አሁን ወደዚያ ፎቶግራፍ እንመለስ። ሜይ 30 ቀን 1967 የናይጄሪያ ምሥራቃዊ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም መገንጠሉን አወጀ። በጁላይ ጦርነት ተጀመረ። በሜይ 1968 የፌዴራሉ ጦር የፖርት ሃርኮርትን ወደብ ሲይዝ ቢያፍራ ከባሕር ተቆረጠች። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ፣ አብዛኛው ከቀዬው የተፈናቀለ፣ በጠባብ ምድር ላይ ተጨናንቆ ቀረ። ካሳቫ የሚባለው ሥር አልጠፋም፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተትና ጨው ግን ጠፋ።

በፎቶግራፉ ላይ ያለው በሽታ ኳሺዮርኮር ይባላል። ስሙ ከጋና ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ታናሽ ሲወለድ ከጡት የሚነጠለውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ይህንን ስም በሕክምና መጽሔት ያስተዋወቀችው በ1935 ነበር። ልጁ ሆዱን የሚሞላ ነገር ሊያገኝ ይችላል፤ የሚገነባው ምግብ ግን ያጣል። ሰውነቱ ውኃ ይቋጥራልና ለማያውቅ ሰው የወፈረ ይመስላል። በመጨረሻ ተራ ተቅማጥ ወይም ኩፍኝ ይወስደዋል። በቢያፍራ እንዲህ የሞቱት ስንት እንደሆኑ እስከ ዛሬ ስምምነት የለም፤ ግምቱ ከግማሽ ሚሊዮን ተነሥቶ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። አብዛኞቹ ሕፃናት ነበሩ።

መጋዘኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ መንገዱ ለምን ተዘጋ? በኦገስት 1968 የሁለቱ ወገኖች መልእክተኞች አዲስ አበባ ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሊቀመንበርነት ተገናኝተው ስለዚሁ ተነጋግረው ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት እርዳታው በየብስ ወይም በቀን በረራ እየተፈተሸ ይግባ አለ። ፍርሃቱ እህል በሚል ስም መሣሪያ እንዳይገባ ነው። የቢያፍራ መሪዎች ደግሞ በጠላት እጅ ያለፈ ምግብ ሊመረዝ ይችላል፣ መንገድ ከተከፈተም ጦር ይገባበታል ብለው እንቢ አሉ። የሌሊቱንም በረራ ፈለጉት፤ መሣሪያ የሚያመጡት አውሮፕላኖች በዚያው ጨለማ ከእርዳታው ጋር ተደባልቀው ይገቡ ነበርና። ሁለቱም ወገን የየራሱ ምክንያት ነበረው። ልጁ ግን ምክንያት አይበላም። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ውይይቱ ያለ ፍሬ ተበተነ። የቀረው በር ኡሊ ብቻ ሆነ። ኡሊ የአስፋልት መንገድን በማስፋት የተሠራ ማረፊያ ሲሆን መብራቱ አውሮፕላን ሲቀርብ ለአጭር ጊዜ ይበራና ወዲያው ይጠፋል። ከሳኦ ቶሜና ከፈርናንዶ ፖ ደሴቶች የሚነሡ የአብያተ ክርስቲያናትና የቀይ መስቀል አውሮፕላኖች በላያቸው ቦምብ ጣይ እያንዣበበ በጨለማ ያርፉ ነበር። የፌዴራሉ ጦር ፀረ አውሮፕላን መድፍ አጠናክሮ ይህ በረራ ሲቆራረጥ፣ በኦገስት 1968 ፎን ሮዘን የጭነት አውሮፕላኑን ይዞ ከዛፎቹ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ በጠራራ ፀሐይ ገባ። ራዳሩ አላየውም፤ መድፉም አልደረሰበትም። መንገዱ እንደሚቻል አሳየ። ለጥቂት ጊዜም የሰሜን አውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የአየር እርዳታ ኃላፊ ሆነ።

ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ አብያተ ክርስቲያናቱ ብቻ ከ5,000 ጊዜ በላይ በርረው ወተት፣ ጨው፣ መድኃኒትና ከስካንዲኔቪያ የተላከ ደረቅ ዓሣ አስገቡ። አብራሪዎችም ሞቱበት። ይህ ሁሉ የሆነው መንግሥታት ዳር ቆመው ሲመለከቱ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ለበረራው ገንዘብና አውሮፕላን የሰጡ መንግሥታት ነበሩ። ለሁለቱ ተፋላሚዎች መሣሪያ የሚሸጡትም መንግሥታት ነበሩ። አንዳንዶቹማ ሁለቱንም ያደርጉ ነበር።

አምስቱ ትንንሽ አውሮፕላኖች

ፎን ሮዘን በየቀኑ ያየው ነገር ልቡን አቆሰለው። እህል እያመጣን ነገ ለሚገደል ሰው እራት እናበላለን እንጂ ሌላ ምን እንሠራለን ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። የፌዴራሉ አየር ኃይል ገበያና ሆስፒታል ይደበድብ ነበርና አውሮፕላኖቹን በመሬት ላይ ማጥፋት ሕዝቡን ማዳን ነው ብሎ አመነ። አምስት ትንንሽ የስዊድን መለማመጃ አውሮፕላኖችን አስገዝቶ፣ በጋቦን በኩል ሮኬት አስታጥቆ፣ ከስዊድናውያንና ከቢያፍራ አብራሪዎች ጋር ሆኖ ሜይ 22 ቀን 1969 የፖርት ሃርኮርትን አየር ማረፊያ መታ። በሚቀጥሉት ቀናትም ሌሎች ማረፊያዎች ተመቱ። የዓለም ጋዜጦች አደነቁት። ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጋ ጎልማሳ በአሻንጉሊት አውሮፕላን አንድን ጦር አስደነገጠ ተብሎ ተጻፈለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እናስተውል። ድብደባው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጁን 5 ቀን 1969፣ የፌዴራሉ ተዋጊ ጀት ሩዝ የጫነ የቀይ መስቀል ዲ.ሲ. 7 መትቶ ጣለ። አውሮፕላኑ ከስዊድን ቀይ መስቀል የመጣ ነበር። በውስጡ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ አለቁ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በረራውን አቆመ። በዚያው ወር መጨረሻ የናይጄሪያ መንግሥት የእርዳታውን ማስተባበር ከቀይ መስቀል እጅ ወሰደ። የቀን በረራ ውል ለመዋዋል ወራት ፈጀ፤ በሴፕቴምበር ከናይጄሪያ ጋር ሲፈረም ደግሞ ቢያፍራ አልተቀበለውም። አብያተ ክርስቲያናቱ በሌሊት መብረራቸውን ቢቀጥሉም ከሁለቱ ትልልቅ የእርዳታ መንገዶች አንዱ ተዘግቶ ቀረ። በጃንዋሪ 1970 ቢያፍራ እጅዋን ሰጠች።

የፎን ሮዘን ሮኬቶች ለዚያ አውሮፕላን መውደቅ ብቸኛው ምክንያት ናቸው ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ መንግሥት ከዚያ በፊትም ዝቶ ነበር፤ የተኮሰውም እሱ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ ነው። ነገር ግን ትናንት የእርዳታ አለቃ የነበረ ስዊድናዊ ዛሬ በስዊድን አውሮፕላን ሮኬት ሲተኩስ፣ ነገ በሰማይ የሚታየው የስዊድን አውሮፕላን እህል ይጫን ሮኬት ይጫን ማን ይለያል? በ1935 ጣሊያኖች በሐሰት ያቀረቡት ክስ በ1969 ጥላ አገኘ። ሁለት ዛፍ የሚወጣ እግሩ ይሰነጠቃል ይላል የአገራችን ሰው። በዚህ ጊዜ ግን የተሰነጠቀው የወጣው ሰው እግር አልነበረም።

እኔ በዚህ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ከጓደኞቼም ጋር በማደሪያችን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንበታል። አንዳንዱ ጓደኛዬ የሚገደለውን ሕዝብ እያየ ገለልተኛ ነኝ የሚል ሰው ከገዳዩ አይለይም ይላል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። መሣሪያ ያነሣ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ነው የምል የዋህ አይደለሁም፤ አባቶቻችን መሣሪያ ባያነሡ ኖሮ ዛሬ አገር አልነበረንም። የምለው አንድ ነገር ነው። ወደ ጦሩ የሚሄድ ሰው የእርዳታውን ካባ አውልቆ፣ ከእርዳታው መንገድ ርቆ፣ ስሙንም ለይቶ ይሂድ። ካባው የእሱ አይደለምና። ካባው በፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ ንብረት ነው።

ጆንያ ከሰማይ

ፎን ሮዘን ግን በዚያ አልቀረም። በ1973 የወሎን ሕዝብ ረሃብ ሲፈጀው የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ያዘ። ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው ያጋለጡት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጩኸቱንም ያሰሙት ተማሪዎች መሆናቸውን እኛ ተማሪዎች መቼም የምንረሳው አይደለም። በ1974 የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እህል ወደብ ደረሰ፤ ከመኪና መንገድ የብዙ ቀን ጉዞ ርቆ በተራራና በገደል መካከል ለሚኖረው ገበሬ ግን የሚያደርሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ሽማግሌው አብራሪ ተመልሶ መጣ። ከእነዚያ ከአምስቱ ጋር የአንድ ፋብሪካ ልጆች በሆኑ ትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር፣ ሮኬት ሊሰቀልበት በሚችለው ቦታ፣ የእህል ጆንያ ሰቀለ። ከዚያም በጣም ዝቅ ብሎ እየበረረ ጆንያውን ሰው በሚጠብቅበት ሜዳ ላይ ጣለ። የሕይወቱን ሁለት ጠባዮች አንድ ያደረገው በዚህ ዘዴ ነው ማለት ይቻላል። በቦምብ አጣጣል የተማረውን ጥበብ ሁሉ ለእህል አዋለው።

በ1977 ዕድሜው ወደ ስልሳ ስምንት ተቃርቦ ነበር። በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለችው በጎዴ ለተቸገረው ሕዝብ እርዳታ በማድረስ ሥራ ላይ ሳለ፣ ጁላይ 13 ቀን 1977 የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲያጠቃ በመሬት ላይ እንዳለ ተገደለ። በሰማይ ያልሞተው ሰው እህል ሊያድልበት በመጣበት ከተማ ሞተ። አስከሬኑም አዲስ አበባ ተቀበረ።

የቀረልን ጥያቄ

ፎን ሮዘን ከመሞቱ ከአምስት ሳምንት በፊት፣ ጁን 8 ቀን 1977፣ በጄኔቭ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሁለት ተጨማሪ ውሎች ተቀብለው ነበር። ሰላማዊ ሰውን በረሃብ መቅጣት የጦርነት ዘዴ መሆኑ በግልጽ የተከለከለው በእነዚህ ውሎች ነው። በ1949 የወጣው የጄኔቭ ውል ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን ምግብ እንዲያልፍ ቢያዝም፣ ዕቃው ለጠላት ይውላል ብሎ የሚሰጋ መንግሥት እንዲከለክል ቀዳዳ ትቶ ነበር። ቢያፍራ ያለቀችው በዚያ ቀዳዳ ነው ማለት ይቻላል።

ውል መጻፉ ግን መንገድ መከፈቱ አይደለም። በ1985 በአገራችን የእንግሊዝና የጀርመን አየር ኃይል አውሮፕላኖች ለደጋው ሕዝብ እህል ሲጥሉ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። በዚያ የቀዝቃዛ ጦርነት ዘመን የምሥራቁና የምዕራቡ ወታደሮች በአንድ ጆንያ ዙሪያ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። በዚያው ዓመት ግን በሰሜን ጦርነት ስላለ ብቻ እህል ያልደረሳቸው ወረዳዎች ብዙ ነበሩ። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነትም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሕዝብ ተራበ፤ ወደ ትግራይ የሚሄዱ የእርዳታ መኪኖች ለወራት ቆመው ነበር። በ2024 ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ዮርዳኖስና ሌሎች መንግሥታት ለጋዛ ሕዝብ ምግብ በጃንጥላ ሲጥሉ አየን። ጃንጥላው ሳይከፈት በወደቀ ሣጥን ሰዎች መሞታቸውም ተዘገበ።

አንድ ሄርኩለስ አውሮፕላን የሚያነሣው እህል ተሳቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና ከሚጭነው ያንሳል፤ ወጪው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ከዚህም ሌላ እንደ ሕክምና ተማሪ የምጨምረው አለ። ከሰማይ የወደቀ ጆንያ በመጀመሪያ የሚደርሰው መሮጥ ለሚችል ሰው ነው። ያ እግሩ ያበጠ ልጅ አይሮጥም። ቢደርሰውም እንኳ እህል በአንድ ጊዜ ቢጎርስ ሊሞት ይችላል፤ ወተቱ በትንሽ በትንሹ፣ በሰዓት በሰዓቱ፣ በሚያውቅ እጅ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ማለት ነርስ መግባት አለባት፣ መድኃኒት መግባት አለበት፣ ንጹሕ ውኃ መኖር አለበት ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚገቡት በየብስ፣ በተከፈተ መንገድ ነው። ስለዚህ ከሰማይ እህል ሲወድቅ ባየን ቁጥር የጣለውን እናመስግን፤ ነገር ግን መንገዱን የዘጋው ማን ነው ብለን መጠየቅ አንርሳ።

ወንድሞችና እህቶች፤ ከእኛ መካከል ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሕግ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆን አለ። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ማኅተም ይዞ በኬላ ላይ ይቀመጥ ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ መድኃኒት ጭኖ በዚያው ኬላ ፊት ይቆም ይሆናል። ማኅተሙን የያዘው ወንድማችን መኪናውን ይፈትሽ፤ መፈተሽ መብቱ ነው። ከፈተሸ በኋላ ግን ያሳልፈው። መድኃኒቱን የጫነውም ከመድኃኒቱ ሥር ሌላ ነገር አይደብቅ፤ አንድ ጊዜ ቢደብቅ ከኋላው የሚመጡትን መቶ መኪኖች ያስቆማልና። ፎን ሮዘን በድፍረቱ ብዙ ሕፃናትን አዳነ። ሁለቱን ሥራ በደባለቀ ጊዜ ደግሞ የድፍረቱን ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ናቸው። በመጨረሻ ዘመኑ እህል ብቻ ጭኖ ወደ እኛ አገር ተመለሰና ከእኛው ጋር ቀረ።

አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ወደ መቃብሩ ጎራ ቢል መልካም ነው።